ከታች የሚይዘው ሰው

ግንቡ ደረጃ ላይ ረዳት የሚባል ነገር አይወድም ነበር። ቁም ሳጥን፣ ፍሪጅና ብፌ ከፎቅ ፎቅ ሲያወጣና ሲያወርድ የኖረ ሰው ነው፤ በሥራው የሚፈራው የዕቃውን ክብደት ሳይሆን የባለቤቱን ዘመዶች ደግነት ነው። ዕቃው መታጠፊያ ላይ ትንሽ ያዝ ሲያደርገው አጎት ከላይ፣ አማች ከታች፣ ጎረቤት ከጎን ብቅ ይሉና ሁሉም ባለ በሌለ ጉልበቱ ይገፋል። «መስተዋቱ ሲረግፍ ግን አንዱም የለም» ይላል ግንቡ። ስለዚህ ሕግ አወጣ፦ ደረጃ ላይ ሁለት ሰው ብቻ። አንዱ ከላይ ይመራል፣ አንዱ ከታች ይሸከማል። ከላይ ያለው ሳይናገር ከታች ያለው ንቅንቅ አይልም።

ከታች የሚይዘው ሁልጊዜ እሱ ነው። ትከሻው በር ይሞላል፤ ሰፈሩ ግንቡ ብሎ የጠራውም በከንቱ አይደለም። ከላይ የሚይዘው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ እሱን ደግሞ ስንጥር ይሉታል። ነፋስ ሲነሣ «ኪስህ ውስጥ ድንጋይ ክተት» እየተባለ የሚቀለድበት ቀጭን ሰው ነው። ዐይኑ ግን ሚዛን ነው። «ግራ... ትንሽ... ቆም... እንተንፍስ» ሲል፣ ግንቡ ዕቃው ፊቱን ጋርዶት በዚያ ድምፅ ብቻ ይራመዳል። ሁለቱ እንዲህ ሲሠሩ ፀጉራቸው ሸበተ።

ሕመሙን ያመጣው ስንጥር ነው፤ ይህን ራሱም አይክድም። አንድ ሰሞን እያስነጠሰ ሥራ መጣ። ግንቡ «ሂድና ተኛ፣ የሰው ሶፋ ላይ ትረጭበታለህ» ቢለው እምቢ አለ። በማግሥቱ ወደቀ፤ ጥቂት ቀን አቃስቶ ግን እንደነበረው ሆኖ ተነሣ። ተራው የግንቡ ሆነ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ መጀመሪያ ራሱን አመመው፣ ቀጥሎ ቆረጣጠመው። «ስንጥርን ያልሰበረ ጉንፋን እኔን ምን ሊያደርገኝ» ብሎ ሰውነቱ እየነደደ ፍሪጅ ተሸከመ። ሰነባብቶ አንድ ጠዋት ሚስቱ ስትገባ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ አገኘችው። ሊነግራት ፈልጎ ትንፋሹ አልበቃ አለው።

ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ ከተበላሸ ከርሟል። ወንድሟን ጠራች፤ ጩኸቷን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ግን ቀድሞት ደረሰ። ወንበር ላይ አስቀመጡትና መውረድ ጀመሩ። አንዱ እግሩን፣ አንዱ ብብቱን፣ አንዱ የወንበሩን ጀርባ ያዘ፤ የሚይዘው ያጣ ደግሞ የያዙትን ሰዎች ያዘ። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው ፀጉር አስተካካይ «አይዟችሁ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያለ ያደፋፍራል። እውነትም አንበሳው ታሰረ። መታጠፊያው ላይ ወንበሩ ተቀረቀረ። የላዮቹ ወደ ታች ይገፋሉ፣ የታቾቹ ወደ ላይ ይመልሳሉ፣ የደረጃው ብረት ተነቀለ፣ መሐል ላይ ግንቡ አፉን ከፍቶ አየር ይፈልጋል። አንዳቸውም ክፉ አልነበሩም፤ ሁሉም ሊያድኑት ነበር የመጡት።

ያን ጊዜ ስንጥር ከታች ደረሰ። በዕድሜው ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው «ልቀቁ፤ ሁላችሁም ልቀቁ» ብሎ ጮኸ። ወንበሩን አሳርፈው ከግድግዳው ተለጠፉ። እሱ ከታች ገባ፣ ፀጉር አስተካካዩ ከላይ ያዘ፤ ወረዱ።

ሆስፒታል ውስጥ ብዙ ሰነበተ፤ ማሽን ተነፈሰለት። ቤቱ ሲመለስ ከአልጋው እስከ መስኮቱ መሄድ ቁም ሳጥን እንደመሸከም ከበደው። የሰፈር አፍ ደግሞ መቼ ያርፋል፤ «ግንቡ ፈረሰ፣ ስንጥሩ ቆመ» ተባለ። ቀልዱ ተንኮል አልነበረበትም፣ ቅስሙን ግን ሰበረው። ራሱም የሚያስበው ይህንኑ ነበርና። ከዚህ ሁሉ የባሰበት የስንጥር መቅረት ነው።

«በር ድረስ ይመጣል» ትለዋለች ሚስቱ። «እንዴት ዋለ ይለኛል፣ ግባ ስለው ጥሎኝ ይሄዳል።»

«ሌላ ሰው አግኝቶ ይሆናላ። የደከመ ትከሻ ምን ያደርግለታል» ይላል ግንቡ፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው ያዞራል። ባሏና ወንድሟ እንዲህ መራራቃቸው አንጀቷን በላት።

ለምርመራ ወደ ሆስፒታል በተመለሱ ቀን ያከመችው ሐኪም የሳንባውን ራጅ መብራቱ ላይ ሰቀለች። ግንቡ ሲያብላላው የከረመውን ጠየቃት።

«ያ ነፋስ የሚወስደው የሚመስል አማቼ ታሞ በጥቂት ቀን ተነሣ። እኔ ለምን ወደቅሁ? ሰውነቴ ሰንፎ ነው?»

«አልሰነፈም» አለችው። «ኢንፍሉዌንዛው ሳንባዎ ገባ፤ እሱ ራሱ ጎድቶዎታል። ሰውነትዎ በሽታ መከላከያ ሕዋሶቹን ላከ፤ ባይልክ ኖሮ ይሞቱ ነበር። ግን እየተጠራሩ ነው የሚመጡት፤ አንዱ ሌላውን ይጠራል፣ የተጠራው ደግሞ ሌላ ይጠራል። እነሱን ለማሳለፍ የደም ሥሩ ግድግዳ ይላላል። ሲበዙ ውሃውም አብሮ ሾልኮ አየር የሚገባባቸውን ጥቃቅን ከረጢቶች ይሞላል። ቫይረሱን ለመግደል የሚረጩት ነገር የራስዎንም ሳንባ ይለበልባል። ኋላ ቫይረሱ ቀንሶ እንኳ እነሱ ገና እየተዋጉ ነበር።»

«ታዲያ እሱን ትተው ለምን እኔን?»

«ከፊሉን እናውቃለን፣ ሁሉን አናውቅም። የጉልበት ጉዳይ ግን አይደለም።»

ግንቡ ራጁ ላይ የተበተነውን ነጭ ነገር አተኩሮ አየ። መታጠፊያው፣ ወንበሩ፣ ያ ሁሉ እጅ ታየው።

«ደግ ዘመዶች ናቸዋ» አለ በመጨረሻ። «ታዲያ ልቀቁ የሚላቸው የለም?»

ሐኪሟ ነገሩ ባይገባትም ጥያቄው ገባት። «አንዳንዴ በመድኃኒት እንሞክራለን፤ ሁልጊዜ አይሰሙንም። የእርስዎ ዘግይተውም ቢሆን ለቀዋል። የቀረው ጠባሳ ነው። ትንፋሽዎ እየተሻለው ይሄዳል፤ ፍሪጅ ግን ከእንግዲህ አይሸከሙም።»

ግንቡ አለቀሰ። ለፍሪጁም ነበር፣ አልሰነፈም ስለተባለም ነበር፤ የቱ እንደበለጠ ራሱም አያውቀውም። ሐኪሟ እያየች እንዳላየች ሆና ራጁን ወደ ፖስታው መለሰች።

ከታክሲ ሲወርዱ ስንጥር ከሕንፃው በር ላይ ቆሟል። ሲያያቸው ዞሮ ሊሄድ ሆነ።

«ወዴት ነው?» አለው ግንቡ።

«ላልረብሽህ ብዬ ነው ጋሼ።»

«ስንት ጊዜ ከደጄ ተመለስክ?»

ስንጥር ዐይኑን ከመሬት አላነሣም። «በምን ዐይኔ ልይህ። እኔ ነኝ ያመጣሁብህ።»

«አምጥተኸዋል። ተኛ ብልህ አልሰማህም፤ እሷን አልረሳልህም።» ግንቡ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ሳንባዬን እንዲህ ያደረጉት ግን የራሴው ሰውነት መከላከያዎች ናቸው። ሊረዱኝ መጥተው፣ እንደዚያን ዕለት ደረጃው ላይ። ያኔ ልቀቁ ያልከው አንተ ነህ። ባትደርስ እዚያው ቀርቼ ነበር።»

ስንጥር በእጅጌው ፊቱን ጠረገ። ሚስትየዋ «እዚሁ ቆማችሁ ልታድሩ ነው?» አለቻቸውና በሩን ለመክፈት ቀድማ ወጣች።

ግንቡ ከፊት ሆነ፤ ስንጥር ከኋላው ሁለት መዳፉን ጀርባው ላይ አሳረፈ። ሁለተኛ ፎቅ ሲደርሱ ፀጉር አስተካካዩ እጁን ዘርግቶ ብቅ አለ። ግንቡ መዳፉን አንሥቶ «ደረጃ ላይ ሁለት ሰው ብቻ» አለው። ሰውዬው ወደ በሩ ተመለሰ።

ብረቱ የተነቀለበት መታጠፊያ ላይ ትንፋሹ አለቀ። ሳያስበው ክብደቱን ሁሉ ወደ ኋላ ለቀቀ፤ መዳፎቹ ቻሉት።

«ከበድኩህ?»

«ብፌው ይብሳል።»

ግንቡ ያን የለመደውን ድምፅ ጠበቀ፤ እንተንፍስ የሚለውን። አልመጣም። ዞር ብሎ ሲያይ ስንጥር አንገቱን ደፍቶ፣ እግሩን ተክሎ ይጠብቃል፤ ፊቱን የግንቡ ጀርባ ጋርዶታል፣ ምንም አያይም። ያን ጊዜ ነው የገባው። ከላይ ያለው አሁን እሱ ነው።

«ቆም» አለ ግንቡ፤ ቃሉ ለአፉ እንግዳ ሆነበት። «እንተንፍስ።»

ስንጥር ከታች እንደያዘው ቆመ።