አንድ ዓይነት ልብስ የለበስን ቀን

ከሁለት ወር በፊት፣ ሀይሌ ጋርመንት መንገድ ዳር ካሉት የልጆች ልብስ ቤቶች አንዱ ገብቼ ለሦስቱ ልጆቼ ለጉዞ የሚሆን ካናቴራ ስመርጥ፣ ሻጯ ከላስቲኩ መዝዛ ያወጣችው የአዲስ ጨርቅ ሽታ፣ ያ ገና ውኃ ያልነካው፣ ቀለም ቀለም የሚለው ሽታ፣ አፍንጫዬን መታኝ። ልጅቷ ምንም አታውቅም፤ ሥራዋን ነው የምትሠራው። "ለሦስቱም አንድ ዓይነት ይውሰዱላቸው፣ ሰው መሀል ሲገቡ አይጠፉብዎትም" አለችኝ በደግነት። አርባን ያለፍኩ፣ ጺሜ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያለብኝ ሰው ነኝ፤ ግን እንደ ልጅ ካናቴራውን ባንኮኒው ላይ ጣልኩት። ምንም ሳልገዛ ወጥቼ፣ የታክሲ ረዳቶች "ጀሞ! ጀሞ!" እያሉ በሚጯጯሁበት ግርግር መሀል ብዙ ቆምኩ።

ያደግነው መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ በነበረ የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። አባቴ ሚስማር፣ ማጠፊያና ቀለም የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው፤ እናቴ በረንዳችን ላይ በእግር በምትረገጥ የስፌት መኪና የሰፈሩን ሰው ልብስ ትሰፋ ነበር። ልጆቹ ሦስት ነን፤ አብረን ለጉዞ በወጣንበት ዓመት እኔ አስር፣ እህቴ ሰላም ስምንት፣ ቢኒ አምስት ዓመታችን ነበር። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የማወራው ሁሉ ክፉ ያስመስለዋል። እጁ ፈጣን ነበር። ሌላ ሰው በሚቆጣበት ነገር እሱ ይማታል። የመሀል ጣቱን አንጓ አሹሎ አናት ላይ የሚያሳርፈው ኩርኩም ከሱቁ ሚስማሮች አንዱ ይመስል ነበርና፣ እናቴ ጭንቅላታችንን ስታጥበን እብጠቶቹን በጣቷ እየዳሰሰች "ይሄ የትናንቱ ነው፣ ይሄኛው ደግሞ አዲስ ነው" ትል ነበር። እኛም እንስቅ ነበር። በየቤቱ እንዲሁ ስለሆነ የሚያስለቅስ ነገር መሆኑን አናውቅም።

ጉዞው የመጣው በቅናት ነው። ጎረቤታችን የሆነ የጨርቅ ነጋዴ ልጆቹን ይዞ ከዝዋይ ወዲያ፣ ሐይቅ ዳር ወዳለ የልጆች መጫወቻ ሄዶ ተመለሰና፣ ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ ስለሚሽከረከሩት ወንበሮች፣ ስለ ትንሿ ባቡርና ሰማይ ድረስ ስለሚወጣው ትልቅ ጎማ አወሩብን። እኛም ለአባታችን አወራንበት። በሦስተኛው ቀን "ልጆቼ ከማን ያንሳሉ!" ብሎ ጠረጴዛውን በቡጢ ሲለው ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ፤ በቤታችን የመዝናናት ውሳኔ የተላለፈው እንዲያ ነው። ለፋሲካ ማግስት ከጓደኛው አሮጌ ነጭ መኪና ተዋሰ። እናቴ ደግሞ ከዚያው ነጋዴ በቅናሽ ካገኘችው ቢጫ ጣቃ ለሦስታችን አንድ ዓይነት ሸሚዝ ሰፋችልን። በሰፈራችን ለዓመት በዓል ወንድምና እህትን ከአንድ ጣቃ ማልበስ የተለመደ ነው፤ ቁጠባም ነው፣ ኩራትም ነው፤ በሕዝብ መሀል ብንበተንም ከሩቅ ታየናለች። ያላሰበችው፣ ጣቃው ለእሷ ብቻ አለመርከሱን ነው። ያን ፋሲካ ግማሹ አገር ያንኑ ቢጫ ለብሶት ነበር።

ገና ጋርመንትን ሳናልፍ ቢኒ "ደረስን?" ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ቃሊቲ ላይ ሰላም የበዓሉን ዶሮ የተዋስነው መኪና ወንበር ላይ አስመለሰችው። አባቴ በግራ እጁ መሪውን ይዞ፣ ፊቱን ሳያዞር ቀኝ እጁን ወደኋላ ሰድዶ በዳሰሳ ይማታል፤ መሀል የተቀመጥኩት እኔ ስለነበርኩ የሁሉም ጥፋት የሚያርፈው እኔ ላይ ነበር። ደብረ ዘይትን አልፈን ወደ ሞጆ ስንቃረብ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ገፍቶት ከአስፋልት ሊያስወጣው ሲል የአባቴ ደም ፈላ። አሳድዶ ቀደመውና መንገዱን ዘግቶ፣ ጎማ መፍቻ ይዞ ወረደ። ሹፌሩን በአንገትጌው ይዞ ከጋቢናው ሲጎትተው፣ ሰውዬው አፍንጫውን በቡጢ ሲለው፣ አባቴ በቴስታ ሲመልስለት፣ ሦስታችን የኋላ ወንበሩ ላይ ተንበርክከን በመስታወቱ እናይ ነበር። መንገደኞች ገላገሏቸው። ደም የነካው የበዓል ሸሚዙን እንደለበሰ ተመልሶ ሞተሩን አስነሳና መዝፈን ጀመረ። የሚያምር ድምፅ ነበረው። መቂ ላይ ሐብሐብ ገዝቶ በጉልበቱ ፈረከሰው፤ ፍሬ የሌለውን ቀዩን መሀሉን በጣቶቹ እየገመሰ መጀመሪያ ሰላምን፣ ቀጥሎ ቢኒን፣ ቀጥሎ እኔን አጎረሰን። እጁ ላይ ያለው የቱ ደም፣ የቱ ሐብሐብ እንደሆነ አይለይም ነበር፤ ግን እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

መጫወቻው አቧራና ሰው ብቻ ነበር። ወረፋ አስከባሪዎቹ ልጆችን በአለንጋ ይመልሳሉ፣ አባቶች በክርን ይጋፋሉ፣ ትልቁን ጎማ የሚያዞረው ሞተር ጥቁር ጭስ እየተፋ ያጓራል። አባቴ በትከሻው ሰው ሰንጥቆ አስቀደመንና እኔን ጎማው ላይ ለብቻዬ አወጣኝ፤ ወንድ ልጅ ነኛ። ጫፍ ላይ ስደርስ ጎማው ቆመ። ለምን እንደቆመ አላውቅም፤ ከታች ሐይቁም ሰዉም ሲወዛወዝ ይታየኛል፤ ሱሪዬ ላይ ሸናሁ። ስወርድ አባቴ እርጥቡን ሱሪ አየ፤ በዙሪያችን የነበሩት ልጆችም አይተው ሳቁ። በጥፊ ሁለቴ አጮለኝ፤ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ። "አዋረድከኝ!" አለኝ። ጆሮዬ እየጮኸብኝ፣ በዚያች ደቂቃ፣ አንድ ሰው እንዲመታው እግዚአብሔርን ለመንኩት። እናቴ ልትገላግል ስትሮጥ የቢኒን እጅ ለቀቀችው። ዞር ስንል ቢኒ የለም።

እናቴ እየጮኸች ወደ ሐይቁ ሮጠች። አባቴ በሌላው በኩል፣ እኔና ሰላም ከኋላው። አይስክሬም ከሚሸጥበት ጋ፣ ጀርባውን የሰጠን፣ የቢኒን የሚያህል፣ እንደ ቢኒ ጭንቅላቱ የተላጨ፣ ቢጫ ሸሚዝ የለበሰ ልጅ ቆሟል። እኔ ቢኒ እንዳልሆነ ወዲያው አውቄያለሁ። ቢኒ ጥቁር ጫማ ነው ያደረገው፣ ይሄ ልጅ ሰንደል ነው ያደረገው። "አይደለም" ለማለት ጊዜ ነበረኝ። አላልኩም። አባቴ እንደደረሰ ኩርኩሙን አናቱ ላይ አሳረፈና፣ ጆሮውን ጠምዝዞ፣ ፊቱን እንኳ ሳያይ ብብቱ ሥር ሸጉጦት ወደ መኪናው መራመድ ጀመረ።

ልጁን የሚመታ አባት በዚያ ዘመን ማንም አይከለክለውም፤ ሰዉ እንዲያውም መንገድ ይለቅለታል። ልጁ ግን አጯጯሁ ሌላ ነበር። አንድ ሽማግሌ "ኧረ ቀስ፣ ምን አርጎህ ነው?" አሉት። አባቴ "ልጄ ነው! ምን አገባዎት!" ብሎ ጮኸባቸው። አፉን ሳይዘጋ ከአይስክሬሙ በኩል አንዲት ሴት መጣች፤ "ልጄን! ሌባ! የልጅ ሌባ!" እያለች።

ከዚያ በኋላ ያለው የድምፅ ትዝታ ነው። መጀመሪያ አንድ ጥፊ፤ አባቴ ልጁን አስቀምጦ ተማታ፣ ይማታል እንጂ ሌላ ምን ያውቃል፤ ይህም ለሰዉ ሌባነቱን አረጋገጠለት። ከዚያ በካልቾ፣ በቀበቶ፣ በጫማ፣ በአለንጋ። የሞጆውን ሹፌር ያወረዱ እጆቹ ጭንቅላቱን ብቻ ለመሸፈን ሲታገሉ አየሁ። ወደቀ። አቧራው ላይ ሲንከባለል የበዓል ልብስ የለበሱ አባቶች ተራ እየጠበቁ ይረግጡታል፤ አንዱ ትንሽ ልጁን ትከሻው ላይ እንደተሸከመ ነበር የሚረግጠው። እኔ አስር እርምጃ ያህል ርቄ ቆሜያለሁ። ሰላም ከኋላዬ ሸሚዜን ይዛለች። "አባታችን ነው፣ ተሳስቶ ነው፣ ልብሳችንን እዩት" ማለት ብቻ በቂ ነበር፤ ማስረጃውን ለብሰነው ነው የቆምነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። በልቤ ግን "ይበለው" እያልኩ ነበር። ሁለቱ ጥፊዎች ፊቴ ላይ ገና ይሞቁኛል፣ ሱሪዬ ገና አልደረቀም። ይበለው፣ ይበለው።

አንድ ጎረምሳ ድንጋይ አነሳ። ያኔ ከኋላዬ፣ ከዚያች ትንሽ ደረት ይወጣል የማይባል ጩኸት ወጣ፤ "አባታችን ነው! ተውት! አባታችን ነው!" ሰዉ ዞረ። ፊት ለፊት የሚታየው እኔ ነበርኩ፤ አንድ ሰውዬ ክንዴን ይዞ እየጎተተ ከልጁ አጠገብ አቆመኝ፣ ቢጫውን ከቢጫው አስተያየና ፊቱ ተለዋወጠ። "አባትህ ነው?" አለኝ። በአዎንታ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። አባቴ ከመሬት ቀና ብሎ፣ ባልተዘጋው በአንዱ ዓይኑ፣ እኔን አየኝ።

ሲረግጡት የነበሩት ሰዎች ውኃ አመጡለት። "ይቅርታ ጋሼ፣ ይቅርታ" እያሉ የወደቀበትን ቁልፍና አንድ ጫማውን ፈልገው ሰጡት። የልጁ እናት ነጠላዋን ቀድዳ ጭንቅላቱን አሰረችለት፤ ከሱ ይልቅ እሷ ታለቅስ ነበር። እናቴ ቢኒን ይዛ መጣች፤ የትንሿ ባቡር የመጨረሻ ወንበር ላይ ከማን እንዳገኘው የማይታወቅ ከረሜላ እየበላ ነው ያገኘችው። አባቴ በአንድ ዓይኑ እየነዳ መለሰን። ዝዋይን አለፍን። ከዚያ ቀኝ እጁን ወደኋላ ሰደደ፤ እኔ ጎንበስ አልኩ። እጁ ግን ጉልበቴን ፈልጎ ያዘው። "የአንተን ድምፅ ባልሰማ ሞቼ ነበር፣ ልጄ" አለ። አፌን ከፈትኩ። ሰላምን አየኋት፤ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ታያለች። አፌን ዘጋሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ ማንንም መትቶ አያውቅም። እጁ ሄደ፤ ከሱም ጋር ዘፈኑ፣ ቁጣው፣ ከጎረቤት ጋር ፉክክሩ፣ ሐብሐብ የሚገምሱት ጣቶቹ ሁሉ ሄዱ። የግራ ጆሮው አይሰማም። የቀረው አንድ ወሬ ነበር፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያንን ቀን ያወራና መጨረሻው ላይ ወደ እኔ ያመለክታል፤ "አንድ አገር ሰው ሲረግጠኝ ይሄ ነው ሳያመነታ የጮኸልኝ።" የግል ትምህርት ቤት ለመክፈል አቅሙ የሚበቃው ለአንድ ልጅ ብቻ ሲሆን "ነፍሴን ያተረፈው ይማር" አለ። እኔ ተማርኩ፤ ቢሮ ገባሁ። ሰላም ከአስረኛ ክፍል በኋላ የእናቴ ስፌት መኪና ላይ ተቀመጠች። አሁን ጀሞ ኮንዶሚኒየም የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። እናታችን ካረፈች ወዲህ አባቴን የምትጦረው እሷ ናት፤ እኔ እሁድ እሁድ ሙዝ ይዤ እመጣለሁ።

ከልብስ ቤቱ ወጥቼ ብዙ ከቆምኩ በኋላ የተሳፈርኩት የጀሞ ታክሲ ላይ ነው። ስገባ ሰላም የአባቴን እጅ ይዛ ጥፍሩን ትቆርጥለታለች፤ እሱም ለታችኛው ፎቅ ጎረቤት ያንኑ ወሬ እያወራ ነበር፤ "ይኸው መጣ፣ ነፍሴን ያተረፈው" አለ። ጎረቤቱ እስኪሄድ ጠበቅኩ። ከዚያ ነገርኩት። የተቀመጥኩት በማይሰማው ጆሮው በኩል ስለነበር መጮህ ነበረብኝ፤ ሁለት ጊዜ ደገምኩት፤ እኔ አይደለሁም፣ ሰላም ናት የጮኸችው፣ እኔ ቆሜ ይበለው እያልኩ ነበር።

አባቴ ወደ ሰላም ዞሮ "ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ምነው ዝም አልሽ?" አላት።

ሰላም ከጥፍሩ ቀና አላለችም። "እኔም መጀመሪያ ይበለው ብዬ ነበር፣ አባዬ" አለችው። "ሲበዛ ነው የጮህኩት።"

እጁን ከእጇ አልነጠቀም፤ እሷም የቀሩትን ጣቶች ቆርጣ ጨረሰች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ልጁ ሳያመነታ እንደወደደው አምኖ ኖሯል፤ ከዚያ ሁሉ ዱላ በኋላ በእጁ የቀረችው ያቺ እምነት ብቻ ነበረች፤ እሷንም እኔና ሰላም ወሰድንበት። እውነቱን መናገር ይቀለኛል ብዬ ነበር፣ አልቀለለኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ ወሬውን ለማንም አላወራም። ሰላም እንደምትለኝ፣ እንግዶች ሲመጡ "እንዴት ናችሁ" ካለ በኋላ የሚቀጥለው ነገር ይጠፋውና፣ እስኪሄዱ ድረስ ዝም ብሎ ይቀመጣል።