ዶርዜ ላይ የተሸከምነው ቤት

ከአዲስ አበባ የተነሳነው ገና ሳይነጋ ነው። ጓደኛዬ ሕይወትና እኔ አጫጭር የሙከራ ፊልሞች እንሠራለን፤ እሷ በኮምፒውተር ሕልም የሚመስሉ ዓለማትን ትገነባለች፣ እኔ ምስልና ድምፅ እቀርጻለሁ። የዶርዜን ቤት ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ሰዎች አንስተው ወደ ሌላ ቦታ እንደሚወስዱት ከሰማን ወዲህ፣ ለቀጣዩ ፊልማችን በአቅራቢያው ባለው አባያ ሐይቅ ላይ ከሚራመድ ቤት ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልንም።

ሶዶን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን። ጫኖ የምትባል መንደር ላይ በመኪናው መስኮት ሙዝ ገዛን፤ ዋጋው የአዲስ አበባው ግማሽ፣ ጣዕሙ እጥፍ። አመሻሽ ላይ ከሐይቆቹ በላይ ካለው ሴቻ ሰፈር ደርሰን ቀላ ያለውን አባያንና ሰማያዊውን ጫሞን ጎን ለጎን ስናይ፣ ሕይወት ሻንጣዋን ሳትፈታ ላፕቶፗን ከፈተች።

ዶርዜ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት

ሚኒባሱ እየተጠማዘዘ ወደ ተራራው አወጣን። ታች በላብ የተጠመቅን ሰዎች እዚህ ጉም ውስጥ ጃኬት ፈለግን። ያስተናገዱን ሸማኔው ጋሽ ታደሰና ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ናቸው። ከቀርከሃ የተጎነጎነውን ቤታቸውን ዙሪያውን ከሦስት መቶ ጊዜ በላይ ፎቶ አነሳነው። እትዬ አስቴር ያቀረቡልንን የቆጮ ቂጣ በማርና ከቃሪያ በተፈጨ ዳጣ እየበላን፣ ሕይወት ፎቶዎቹን አገጣጥማ ቤቱን ኮምፒውተሯ ውስጥ አቆመችው። ከቀትር በኋላ ቤቱ ስክሪኑ ውስጥ በአባያ ውሃ ላይ መራመድ ጀመረ።

ለባልና ሚስቱ አሳየናቸው። እትዬ አስቴር አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። ጋሽ ታደሰ ግን አስደግመው አዩና ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ።

«ቤት ብቻውን አይሄድም» አሉ። «ሰዎቹ የታሉ?»

ሕይወትን ቅር አላት። ሕልም ስለሆነ ሁሉም ነገር እንደሚቻል አስረዳቻቸው። እሳቸውም ሕልምማ እንደሚያዩ፣ ግን በሕልማቸውም ቢሆን ቤት ሲነሳ ጎረቤት እንደማይቀር በእርጋታ ነገሯት። በማግስቱ የወንድማቸው ቤት ሊነሳ ስለነበር መጥተን እንድናይ ጋበዙን።

በማግስቱ

ጎረቤቱ ተሰብስቦ ረጃጅም ቀርከሃዎች ከቤቱ ሥር አስገባ። እኔ መቅረጽ ጀመርኩ። ቤቱ ትንሽ እንደተነሳ በእኛ በኩል ዘመመ፤ ሰው አንሷል። ሕይወት ላፕቶፗን ሣር ላይ ትታ ትከሻዋን ከቀርከሃው ሥር አስገባች። ካሜራውን እንደበራ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ተከተልኳት። የሚዘፍኑት በጋሞኛ ነው፤ ቃሉን ባልሰማም እግሬ ምቱን ያዘ። ቤቱ እየተንቋቋ ከመሬት ሲለቅ የዓመታት የጭስ ሽታ ወረደብን። ትንፋሼ ቢቆራረጥም እንዲያልቅ አልፈለግኩም። አዲሱ ቦታ ላይ ሲያርፍ ሕይወት ትስቅም ታለቅስም ነበር።

«ፊልሙን ከመጀመሪያው እንደገና እንሥራው» አለችኝ።

አዲስ አበባ

ቤቴ የገባሁት ትከሻዬ ተልጦ ነው። በፊልሞቻችን ውስጥ ሰው የሌለበትን ዓለም ነፃነት ብለን ስንጠራው ኖረናል። እውነቱን ለመናገር፣ በኮምፒውተር ሰው መሥራት ስለከበደን ነበር የተውነው። ይህን ያወቅኩት ዶርዜ ላይ ነው።

አሁን ፊልሙ ውስጥ ከቤቱ ሥር የሰው እግሮች አሉ። የተሸካሚዎቹን ስም ፊልሙ ላይ ለመጻፍ ጋሽ ታደሰ ጋ ስንደውል፣ ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው ስልኩን አዞሩላቸው። እያንዳንዱ ስሙን በራሱ ድምፅ ነገረን። ድምፁን እንዳለ ቀረጽነው፤ ቤቱ ሐይቁን ሲሻገር የሚሰማው እሱ ነው። ሁሉም ጨርሰው ስልኩ ወደ ጋሽ ታደሰ ሲመለስ፣ የራሳቸውን ስም ተናገሩና የሕይወትንና የእኔን ስም ጨመሩበት።