የጎማው ፈረስ ጆሮ

መንገዱ ሁሉ በሚቃጠል ጎማ በሚዘጋበት በዚያ ሰሞን፣ አምቦ ውስጥ አሮጌ ጎማ በግቢው ያስቀመጥኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሌላው ሰው የነበረውን ገደል ከቶ ተገላግሏል። እኔ ግን ፈረስ እየሠራሁ ነበር። ከጉደር ጋራዦች የለቀምኩትን ጎማ በቢላ እየሰነጠቅኩ፣ በሽቦ እየጠለፍኩ፣ በቁመቱ እውነተኛ ፈረስ የሚያህል። እግሩና ሆዱ ቆሟል፤ ራስ የለውም።

«እባክሽ ቅበሪው፤ ወታደሮቹ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይመጣሉ» ይለኛል ባለቤቴ። አስተማሪ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም።

«ምን ሰረቅኩ? አልቀብርም!»

እልኸኛ ነኝ፣ ምን ላድርግ! ግን መኪና ባለፈ ቁጥር በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቅ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የግቢያችን በር ተደበደበ። ወታደሮች ናቸው። አለቃቸው የጎማውን ክምር አየና «ይሄ የት ሊቃጠል ነው?» አለ።

«ፈረስ ነው» አልኩ።

«የቱ? ይሄ?»

ራስ የሌለውን ነገር ዞሮ አየው። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ቅጽበት ለእኔም ፈረስ አልመሰለኝም። ማስረጃ ነው የመሰለኝ።

ባለቤቴን ክንዱን ይዘው በባዶ እግሩ አወጡትና ደጅ የቆመው መኪና ላይ ጫኑት። በረባሶው ደፍ ላይ ቀረ። ያን ሰሞን መኪና ላይ የወጣ ሰው የት እንደሚገባ የሚያውቅ አልነበረም።

«የፈረሱን ራስ ልሥራለት! እዚሁ ቆመው ይዩኝ! ፈረስ ካልሆነ እኔንም ይጫኑኝ!» ብዬ ጮህኩ። ያ ድፍረት ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቀው።

አለቃው ሰዓቱን አየ። «ቶሎ በይ» አለኝ።

ለራሱ አሮጌ ጄሪካን አነሳሁ፤ ለዓይኑ የለስላሳ ቆርኪ። ስጣደፍ ሽቦው ጣቴን ቀደደው። አማቴ ስትፈራ በኦሮምኛ አምላኳን እንደምትጠራው «ያ ዋቅ፣ ያ ዋቅ» እላለሁ በሆዴ። ጆሮ ቀረኝ። ዞር ስል የባለቤቴን በረባሶ አየሁ። እሱም ጎማ ነው። አንስቼ ግራና ቀኝ ጠለፍኩት።

አለቃው ቀረብ ብሎ፣ ገበያ ላይ ከብት እንደሚገዛ ሰው የፈረሱን አንገት ዳበሰ።

«ፈረስስ ፈረስ ነው» አለ በመጨረሻ። «ግን ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፏል። ምን አይቶ ነው እንዲህ የደነገጠው?»

ከፈረሱ ፊት ለፊት የቆመው እሱ ራሱ ነው። መልሴን ሳይጠብቅ ወጣ፤ ባለቤቴንም አወረዱት።

በባዶ እግሩ ገባ። ደፉ ላይ ጫማውን ፈልጎ አጣ፤ ቀና ሲል ፈረሱ ላይ አየው። እያለቀስኩም እየሳቅኩም ነቅዬ ልሰጠው ስንጠራራ እጄን ያዘኝ።

«ተዪው» አለኝ በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ፤ «ተመልሰው ቢመጡስ?»