ፎርማት እንቢ ያለው የወይንሀረግ ኮምፒውተር

ወይንሀረግ ልደታ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ቤት ማመልከቻ እየጻፈች ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት። ከታይፕ ወደ ኮምፒውተር ስትሻገር አዲሱን ዕቃ እንደ ሙሽራ ነው የያዘችው፤ ነጭ ዳንቴል አልብሳ፣ ማንም እንዳይነካው ከልክላ። ቤቷን የምትከፍተው በመዝሙር ነው። ጠዋት ኮምፒውተሩን ካበራች በኋላ የመዝሙር ፍላሿን ከጀርባው ትሰካለች፣ ማታ ትነቅላለች። ታዲያ አንድ አመል አለባት፤ አላውቅም ማለት ሞቷ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ጉድ ፈላ። ኮምፒውተሩ በራ፤ ሞኒተሩ ግን ጠቁሮ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ብቻ አሳይቶ ቀጥ አለ። አጠፋችው፣ አበራችው፣ ያው ነው። አጠገቧ ደግሞ አቶ ደገፋ ተቀምጠዋል። ጎረቤታቸው መግቢያቸውን አጥሮባቸው፣ በመጀመሪያው ክርክርም ተረትተው፣ ምስኪን ሽማግሌ ወደ ገዛ ቤታቸው የሚገቡት በሌላ ጎረቤት ኩሽና በኩል ነው። የይግባኙ ቀን የሚያበቃው ዛሬ ነው። ትናንት ቀኑን ሙሉ እሳቸው ሲናገሩ እሷ ስትጽፍ ውለው፣ ልታትመው ስትል መብራት ጠፍቶ ይግባኙ እዚያው ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ አድሯል።

ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር በከር ተጠራ። በከር ጎበዝ ጠጋኝ ነው። ግን ምን ያደርጋል፣ የዚህ አገር ኮምፒውተር ጠጋኝ ለራስ ምታቱም ለቁርጥማቱም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ያለውን ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን፣ ፎርማት!

«ዊንዶውሱ ሞቷል» አለ። «ባለፈው ማስቀመጫውን ሲ እና ዲ ብዬ ለሁለት ከፍዬልሻለሁ፤ ዊንዶውሱ ያለበትን ሲን አጥፍቼ እንደገና እጭናለሁ፣ ዲ አይነካም። ሰነዶችሽ ዲ ላይ ናቸው አይደል?»

«ታዲያ የት ሊሆኑ ነው!» አለች ወይንሀረግ ኮራ ብላ። ዲ የሚባል ነገር የት እንዳለ እንኳ አታውቅም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ!

በከር ዊንዶውስ ያለባትን ፍላሹን ከፊት ሰካ። ኮምፒውተሩ እንቢ አለ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከተለውን ትእዛዝ አየ፤ ባለፈው ሲጠግን «ከሁሉ በፊት ፍላሽ አንብብ» ብሎ እንዳዘዘው ነው። ሌላ ቀዳዳ ሞከረ፣ ሌላ ፍላሽ ሞከረ፣ ወይ ፍንክች! ጀርባውን ለማየት ዳንቴሉን ሊያነሳ ሲል ወይንሀረግ ጮኸችበት።

«እሱን እንዳትነካ! እስቲ እጅህን እየው!»

ሰዓቱ እየገፋ ሄደ። ወይንሀረግ ወደ አቶ ደገፋ ዞረች። «ወይኔ ጋሼ፣ ጉድ ሠራሁዎት!»

«ተይው ልጄ፣ ኩሽናውንም ለምጄዋለሁ። የወጡ ሽታ እንኳ ያጠግባል» አሉ አቶ ደገፋ ለማጽናናት። «ግን ዛሬ መዝሙርሽን ለምን ዘጋሽው? እሱ ቢኖር ልቤ ያርፍ ነበር።»

ወይንሀረግ ክው አለች። ትናንት መብራት ሲጠፋ መዝሙሩ ተከፍቶ ነበር፤ በጨለማ ዳንቴሉን አልብሳ ነው የወጣችው። በገዛ እጇ ገፈፈችው። ፍላሿ ከጀርባ እንደተሰካች አለች።

በከር ራሱን ያዘ። «ንቀያት በይ! ከጠዋት ጀምሮ የሚያነበው እሷን ነው እኮ! እሷ ደግሞ መዝሙር እንጂ ዊንዶውስ የላት!»

ሁለቱንም ፍላሾች ነቅለው ሲያበሩት፣ እሰይ! ኮምፒውተሩ ምንም እንዳልነካው ተነሳ። ይግባኙ ታተመ፤ አቶ ደገፋ ከዘራቸውን ረስተው ወደ ፍርድ ቤቱ ሮጡ።

ወይንሀረግ እልል ልትል ስትል በከርን አየችው፤ ሞኒተሩ ላይ አፍጥጦ ቀርቷል። የዓመታት ማመልከቻ፣ የስንቱ ሰው አቤቱታ ዴስክቶፑን ሞልቶታል። ዲን ከፈተው፤ ባዶ ነው።

«ወይኒ፣ ሁሉም ያለው ሲ ላይ ነው! ፍላሼ ሠርታ ቢሆን ይግባኙንም ምኑንም ጠርጌው ነበር። ዲ ላይ ነው አላልሽኝም?»

ወይንሀረግ አንገቷን ደፋች። «በከር፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ዲ ምን እንደሆነ አላውቅም።»

«እኔስ ብሆን፣ ከፍቼ ሳላይ ላጠፋ! አልሐምዱሊላህ፣ ፍላሼ እንቢ አለች።»

«እንቢ ያለችውስ የኔዋ ናት!» ብላ የመዝሙር ፍላሿን ሳመቻት።

አቶ ደገፋ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ እያውለበለቡ ለከዘራቸው ሲመለሱ መዝሙሩ ተከፍቷል። በከር በርጩማ ስቦ ዲ የቱ ጋ እንደሆነ እያሳያት ነው፤ እሷም ያልገባትን «እሱ አልገባኝም፣ ድገምልኝ» ትለዋለች።