የመከታን መርዶ ይዤ ወደ ሳን ሆዜ

ሌክ ሜሪት፣ ቅዳሜ ጠዋት

አጎቴን ጋሼ ይሁኔን ይዤ ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ የተነሳሁት መርዶ ለማርዳት ነው። የሞተው ሰው አይደለም፣ ፈረስ ነው። መከታ ይባላል። ከሳን ሆዜ በስተምሥራቅ ኮረብታው ላይ ባለ እርባታ ለዘር የሚጠበቅ አረብ ፈረስ ነበር፤ ሃያ ስምንት ዓመት ኖረ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ረጅም የአረብ ስም ማንም አይጠራውም፤ መከታ ያሉት ጋሼ ናቸው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አሥራ ስድስት ዓመት አብልተውታል፣ አጥበውታል፣ ባዝራ ሲመጣለት ይዘውታል።

ከሁለት ሳምንት በፊት ጋሼ ቴራፒ ሄደው ስልካቸውን እኔ ቤት ረስተውት ነበር። የእርባታው ባለቤት ሊንዳ ደወለችና እኔ አነሳሁት። መከታ በቁርጠት ወድቋል፣ ሐኪሙ ተስፋ የለውም ብሏል፣ ይሁኔ ይምጣ፣ እሱን ይሰማል አለችኝ። እነግራቸዋለሁ፣ ከእንግዲህም በእኔ ስልክ ጻፊልኝ አልኳት። አልነገርኳቸውም። በሁለተኛው ቀን መሞቱን ጻፈችልኝ።

የደም ግፊታቸውን ፈርቼ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ልማድ ነው። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ እንደ ደረሰ አይነገርም፤ ሽማግሌ ይፈለጋል፣ ቀን ይመረጣል፣ ሰውየው እህል እንዲቀምስ ይደረጋል። የሚገርመው እኔ የምሠራው ሆስፒታል ነው፤ አስተርጓሚ ነኝ። ሐኪሙ የሚለውን አንዲት ቃል ሳላስቀር ለማላውቀው ሰው ፊት ለፊት እናገራለሁ። ለገዛ አጎቴ ሲሆን ምላሴ ታሰረ።

በዚያው ሰሞን ከእንጅባራም ተደውሎልኛል። የጋሼ ታናሽ ወንድም አለሙ በጠና ታመው ተኝተዋል። «ለይሁኔ እንዳትነግሪው» ተባልኩ፤ እሺ አልኩ።

ጋሼን ለመውሰድ ስደርስ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ሳን ሆዜ ያሉት ወዳጃቸው አቶ በርሄ ምሳ ጋብዘውናል፣ ከዚያ እርባታው ጎራ እንላለን ብያቸው ነበር። ካፖርታቸው ተቦርሿል፤ በእጃቸው የፌስታል ከረጢት ይዘዋል።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«ካሮት ነው። ሁለት ዶላር ከሃምሳ ገባ እኮ! ታጥቧል፣ ተቆርጧል። ጥርሱ ስላረጀ እንዲህ ካልደቀቀ አይበላውም።»

መኪናውን አስነስቼ ከቤታቸው ፊት ለፊት ሌክ ሜሪት ሐይቅ ዳር ያሉትን ዳክዬዎች ሳይ ቆየሁ፤ ቀና ብዬ ላያቸው አልደፈርኩም።

ኤይት ኤይቲ

ሳን ሊያንድሮ ወርደን ቤንዚን ቀዳሁ፤ ጋሎኑ አምስት ዶላር ከምናምን ነው። ከዚያ በኋላ ኤይት ኤይቲ የሚባለው አውራ ጎዳና እንደ ልማዱ ነው፤ በቀኝ የጭነት መኪና፣ በግራ የጭነት መኪና። ሄይዋርድን አልፈን ፍሪሞንት እስክንቃረብ ጋሼ አፋቸው አላረፈም። ካሮቱን ጭናቸው ላይ አድርገው የመከታን ወግ ያወሩልኛል። መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

እርባታው በገቡበት ሳምንት መከታ ሁለት ሠራተኛ ነክሶ ነበር። ጋሼ ታዲያ ጋጣው በር ላይ ቆመው ኮፍያቸውን አወለቁና «እንዴት አደሩ፣ ጌታዬ?» አሉት። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። በሦስተኛው ቀን ፈረሱ ሰላምታውን ሰምቶ ጆሮውን ወደ በሩ አዞረ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን ሰላም ሳይሉት ገብተው አያውቁም።

«እኔን አንቺ ይሉኛል፣ ፈረሱን እርስዎ» አልኳቸው፤ ሁልጊዜ የምለው ነው።

«አንቺ መቼ ነክሰሽ ታውቂያለሽ?»

ጋሼ የተወለዱት አዊ፣ እንጅባራ አጠገብ ነው። በአገራቸው ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ቸርች ውስጥ ያሉ አዛውንቶችም አባ መከታ ነው የሚሏቸው። ባለፈረሱ ሲሞት ደግሞ ፈረሱ ኮርቻ ተጭኖ፣ ተሸልሞ፣ ለቅሶው መሀል ይሳባል።

«ስሞት ሊንዳን ኮል አድርጊያት» አሉኝ እየሳቁ። «መከታ ተጭኖ ይምጣና ሌክ ሜሪትን ይዙርልኝ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ፓርኪንግ ከየት እናገኝለታለን ብዬ እቀልድ ነበር። ዛሬ ግን መውጫ ኤግዚት የምፈልግ መስዬ የመንገዱን ምልክቶች አነበብኩ።

ሳን ሆዜ፣ ምሳ

አቶ በርሄ ኤርትራዊ ናቸው። አዲስ አበባ አድገው እዚህ ትንሽ ምግብ ቤት ከፍተዋል። መርዶውን እሳቸው እንዲያረዱልኝ ለምኛቸው ነበር፤ የሊንዳን ስልክም የአለሙን ሕመምም ነግሬያቸዋለሁ። የበግ ጥብሱ በሸክላ እየተንጫጫ መጣ፤ ሽሮው ተከተለ። አቶ በርሄ ያጎርሳሉ፣ እኔ አጎርሳለሁ፣ ጋሼ «በቃኝ» ሲሉ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» እንላለን። አራተኛው ጉርሻ ላይ እጄን በአየር ላይ ያዙት።

«ቆይ እስቲ። ማን ሞቶብኝ ነው እንዲህ የምታበሉኝ?»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«አለሙ ነው?»

«ኧረ ደህና ናቸው!» አልኩ። በጣም ፈጥኜ ነው ያልኩት።

አቶ በርሄ እጃቸውን በጋሼ ትከሻ ላይ ጣሉ። «ይሁኔ ወንድሜ፣ መከታ ነው። ሞቷል።»

«ተመስገን!» የሚል ቃል ከጋሼ አፍ አመለጠ። ወዲያው ደግሞ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «ወንድሜ ስላልሆነ እኮ ነው… ይቅር በለኝ መከታ» አሉና ምግብ የተበላበት ገበታ ላይ ጎንበስ ብለው አለቀሱ። ጋሼ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ዳሌያቸው የተሰበረ ዕለት እንኳ አላለቀሱም።

«መቼ ነው?» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«ሁለት ሳምንቱ ነው» አልኩ።

«በድንገት?»

«አዎ፣ በድንገት።»

ሒሳብ ልከፍል ቦርሳዬን ስከፍት አቶ በርሄ ተቆጡኝ። «ለቅሶ ቤት ሒሳብ አይጠየቅም» አሉ። በር ድረስ ሲሸኙኝ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጨርሰሽ ንገሪው፤ እኔ ሌላ ቀን አልዋሽልሽም» አሉኝ።

እርባታው

ከከተማው ወጥቶ ወደ ኮረብታው የሚወስደው መንገድ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። ሣሩ ደርቆ ቢጫ ሆኗል፤ እዚህም እዚያም ብቻቸውን የቆሙ የኦክ ዛፎች አሉ። ጋሼ እስክንደርስ የካሮቱን ከረጢት አፍ ሲቋጥሩ፣ ሲፈቱ ነበር።

ሊንዳ በሩ ላይ አቀፈቻቸው። እንግሊዝኛቸው ጥቂት ነው፤ እሷ ያለችውን ለመረዳት ግን ይበቃ ነበር።

«ጠበቅንህ እኮ» አለቻቸው። «ይሁኔ ይመጣል ብዬ ነግሬው ነበር። ሁለት ቀን ቆየ። በመጨረሻ ማንንም አልሰማ ሲል፣ አንተ እንደምትለው ‹እንዴት አደሩ› አልኩት። ጆሮውን አነሳ። ግን እኔን አላየም፤ ወደ በሩ ነው ያዞረው።»

ጋሼ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። አልጮሁም፣ አልተቆጡም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ፈረስ እዚያ መቅበር ስለማይፈቀድ አቃጥለውታል። ሊንዳ አመዱን በእንጨት ሳጥን አሳየቻቸው። «እንደ ማገዶ?» አሉ በአማርኛ፤ ይህንን አልተረጎምኩላትም። ከጅራቱ ቆርጣ የጎነጎነችውን ፀጉር ስትሰጣቸው ግን ሳሙትና ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ልጓሙን ጠየቋት።

በአገራቸው ለቅሶ ላይ የሚሳበው ባለቤቱ የሞተበት ፈረስ ነው፤ እዚህ ግን የሞተው ፈረሱ ነው። ጋሼ ባዶውን ልጓም በቀኝ እጃቸው ያዙ፤ በግራቸው ከዘራቸውን ተደግፈው፣ መከታን ያመላልሱበት የነበረውን ሜዳ እያነከሱ ዞሩት። ልጓሙን የያዙበት እጅ ፈረስ እንዳለበት ሁሉ ከፍ ብሏል። «መከታዬ፣ ጌታዬ፣ ሳልሰናበትዎ» ይላሉ። ሊንዳ ኮፍያዋን አወለቀች። እኔ አጥሩን ይዤ አለቀስኩ፤ ለፈረሱ ይሁን ለራሴ አላውቅም። ሦስተኛውን ዙር ሲጨርሱ በጎረቤቱ ሜዳ ያሉት ፈረሶች ከክንዳቸው የተንጠለጠለውን የካሮት ከረጢት ድምፅ ሰምተው አጥሩ ላይ ተሰበሰቡ። ካሮቱን አንድ በአንድ አበሏቸው። ሁሉንም ሰላም እያሉ ነው ያበሏቸው።

መመለስ

ፍሪሞንት እስክንደርስ ፀሐይ ጠልቃ ነበር።

«መሲ» አሉኝ ጋሼ፤ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው። «ለእኔ አስበሽ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም እናቴ ስትሞት ርቆ የነበረውን አባቴን አንድ ወር ደብቄዋለሁ፤ ለእሱ ያሰብኩ መስሎኝ። አሁን ሳየው ለራሴ ነበር፤ ሲያለቅስ ላለማየት። ሌላ የደበቅሽኝ አለ?»

የለም ማለት ቀላል ነበር። ለዚህ መልስ ሰውነቴ ሁሉ የሠለጠነ ነው። ግን ያ ወደ በሩ የዞረ ጆሮ ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

«ጋሼ አለሙ ታመዋል» አልኩ። ሥራ ላይ እንደማደርገው ምንም ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ ኩላሊታቸው መሆኑን፣ ባሕር ዳር ሆስፒታል መተኛታቸውን፣ ሐኪሞቹ ያሉትን።

«አለ ግን?»

«አሉ። ትናንት ተናግረዋል።»

«ስልኩን።»

«እዚያ ገና አልነጋም፤ አስታማሚውም ተኝቷል። ቤት ስንደርስ ይነጋል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ደም ግፊታቸው ምንም አልሆነም።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፦ መርዶ ወግ አለው፣ ወጉም ደግ ነው፤ ግን ለሞተ ነው የተሠራው። በሕይወት ያለን ሰው በመርዶ ወግ ከደበቁት፣ ቀድመው ቀበሩት ማለት ነው።

ቤት ገብተን ጋሼ ጫማቸውን ሳያወልቁ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። ስልኩ ጭናቸው ላይ፣ ዓይናቸው የግድግዳው ሰዓት ላይ ነው። ከውጭ የሐይቁ ዙሪያ መብራት ይታያል። ባሕር ዳር ሲነጋ ደወልኩላቸው። አስታማሚው አነሳና ስልኩን ወደ በሽተኛው ጆሮ አስጠጋው። ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እንዴት አደሩ፣ ጌታዬ?» አሉ።

መጀመሪያ የተሰማው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ወንድም ጋሼ? አለሁ። አለሁ።»