ማተብ ያሰሩ የቦጂያ ሐይቅ ዓሦች

ዓባይነህ በጠመንጃ ያዥ ሰፈር የታወቀ የጠመንጃ ጠጋኝ ነበር። ሰደፉ የተሰበረበት፣ ምላጩ አልሳብ ያለው ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣል። ጣልያን ከተማውን ይዞ መሣሪያ ሲለቅም ግን የሚጠገን ጠፋ። ሰው ጠመንጃውን ወይ አስረክቧል፣ ወይ ቀብሮታል፣ ወይ ይዞት ጫካ ገብቷል፤ ሦስቱም ለጠጋኝ ገበያ አይሆኑም። ዓባይነህ ጥቂት ወራት እጁን አጣጥፎ ከተቀመጠ በኋላ፣ የአሮጌ ጃንጥላ ሽቦ እየሳለና እየቆለመመ መንጠቆ መሥራት ጀመረ። መንጠቆውን የሚገዛው ሲያጣ ራሱ ሊያጠምድበት ወጣ። ዓሣ አጥማጅ የሆነው እንዲህ ነው፤ በአርባ ስምንት ዓመቱ፣ ዋና እንኳ ሳይችል።

የሚያጠምድበት የቦጂያ ሐይቅ ከሚኖርበት ከልደታ ሰፈር የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ሐይቅ ማለቱ እንኳ ማጋነን ነው፤ በዚህ ዳር ያስነጠሰውን ሰው በዚያ ዳር ያለው "ይማርህ" ይለዋል። ስሙን ያገኘው ዳሩ ላይ ጎጆ ቀልሰው ከሚኖሩት ከሽማግሌው ከአባ ቦጂያ ነው። ትንሽ ትሁን እንጂ ውስጧ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሞልቶባት ነበር። ዓባይነህ ረቡዕና ዓርብ ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ መንገድ ዳር እርጥብ ጆንያ ያነጥፍና ዓሣውን ይሸጣል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ካህናቱ ገና አልጨረሱትም፤ እስኪጨርሱት ድረስ ግን ምእመኑ ይገዛል።

ባለቤቱ ድንቅነሽ ደግሞ እዚያው የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ማተብ ትሸጣለች። ክሩን የምትገምደው ራሷ ናት፤ ጥቁሩን፣ ቀዩን፣ ነጩን፣ ሰማያዊውን። ያላቸው አንድ ልጅ ፈቃደ ነው። በሃያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት በየካቲት፣ ከተማው በተቃጠለ ሰሞን፣ ሃያ ዓመት እንደሞላው ከደጃፍ ይዘው በካሚዮን ጫኑት። ደናኔ የሚባል ሩቅ እስር ቤት ነው ያለው የሚል ወሬ ከስምንት ወር በኋላ ደረሳቸው፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ዓባይነህ ስለ ልጁ ለማንም አይናገርም። ሐይቁ ዳር ሲቀመጥ ግን ሌላ የሚያስበው አልነበረውም። ሐይቋን የሚወዳት አንድም ለዚህ ነው፤ በዚያ ዘመን ሰው ሳያይህ የምታለቅስበት ቦታ ከተማ ውስጥ አይገኝም ነበር።

በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ የሁዳዴ ጾም ሊገባ ሲል፣ ሲኞር ባሮኒ የሚባል ጣልያን ከዓሣው ጆንያ ፊት መጥቶ ቆመ። የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፋቱ ዓሣ ማጥመድ መውደዱ ነው። አንዱን ቆሮሶ በጅራቱ አንጠልጥሎ አገላብጦ አየና "ቆንጆ! በጣም ቆንጆ! ከየት ነው?" አለ፤ አማርኛውን ገበያ ለገበያ ሲዞር የለቀመው ነው። ዓባይነህ አላውቅም ማለት ይችል ነበር። ግን ዕቃህን ሲያመሰግኑልህ ምላስህ ይፈታል፤ ሐይቁን ከነመንገዱ፣ መንገዱን ከነአቋራጩ ነገረው።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። በሳምንቱ ሲኞር ተመልሶ መጣ።

"ሐይቁን አየሁ" አለ። "መኮንኖች እሑድ እሑድ ማጥመድ ይፈልጋሉ። አጥር እንሠራለን፣ ዘበኛ እናቆማለን። ግን መጀመሪያ ማወቅ አለብኝ፤ ስንት ዓሣ አለ?"

"እሱንማ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው፣ ሲኞር።"

"እኔም አውቃለሁ። አንተ ትቆጥርልኛለህ።"

የአቆጣጠሩን ዘዴ ሁለት ጊዜ አስረዳው። ስልሳ ዓሣ በመረብ ይያዛል፣ ምልክት ተደርጎበት ይለቀቃል። ከአርባ ቀን በኋላ ሃምሳ ዓሣ እንደገና ይያዛል። ከሃምሳው ውስጥ ምልክት ያለው ጥቂት ከሆነ ሐይቁ ሙሉ ነው፤ ምልክት ያለው ከበዛ ሐይቁ ባዶ ነው። እስከዚያ ድረስ ማንም እንዳያጠምድ። ከሦስት መቶ በላይ ዓሣ ከተገኘ ሐይቁ የመኮንኖች ይሆናል፤ ካነሰ ሲኞር ሌላ ውሃ ይፈልጋል። ምልክቱን በተመለከተ ግን "ክንፉን በመቀስ ቆርጠህ ልቀቀው" ሲለው ዓባይነህ ፊቱ ተለዋወጠ።

"ሲኞር፣ በሁዳዴ ምድር ፍጥረት አላጎድልም። ክር ልሰርበት።"

"ክር? እሺ፣ ክር ይሁን። እንዳይፈታ ብቻ።"

ማታ ለድንቅነሽ ነገሩን ሲነግራት ምስርና ጤፍ አቅርቦ ነው ያስረዳት። እፍኝ ምስር ከጤፍ ጋር ቀላቅለሽ ስትዘግኚ፣ ከመዳፍሽ ላይ ምስሩ ከበዛ ጤፉ ትንሽ ነበር ማለት ነው አላት። ወዲያው ገባት፤ ክሩ የሚመጣው ከእሷ ቅርጫት መሆኑ ግን አልተዋጠላትም።

"ለዓሣ ማተብ! ምነው አንተ ሰው፣ ዓሣ አንገት የለው፣ የት ልታስርለት ነው?"

"በጅራቱ።"

"ማተብ በጅራት!" አለችና ሳቋ አመለጣት። ከሳቀች ደግሞ እምቢ ማለት አይሆንላትም፤ ስልሳ ጥቁር ክር ቆጥራ ሰጠችው።

በማግስቱ ሲኞር ሐይቁ ዳር ባለ ሾላ ጥላ ሥር ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተኛ፤ ዓባይነህ መረቡን ጣለ። ሁለት ጊዜ ስቦ ስልሳው ሞላ፤ እንዲያውም ተረፈ። መረቡ ስለሞላ ሲያዝን በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር። ሐይቋ በዓሣ እንዲህ ከሞላች ማን ሊያድናት ነው? እሱ ጠመንጃ የለው፣ ሌላ ሙያ የለው፤ አባ ቦጂያም በስተርጅና ከጎጇቸው ሊነሡ ነው። እንዲያ እየተብሰለሰለ እያንዳንዱን ዓሣ በጅራቱ እያሰረ ወደ ውሃው ሲመልስ፣ ዝም ማለት ስለከበደው፣ "ሂድ እሺ፣ በሰላም ቤትህ ግባ" ይለው ጀመር። ስልሳውንም እንዲሁ እያለ ሸኘ።

ይህን ሲል አላፊ መንገደኛ ሰምታዋለች፤ እሱ ግን አላያትም።

አርባው ቀን ረጅም ነበር። ማጥመድ ክልክል ስለሆነ የዓሣው ጆንያ ደርቆ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ደግነቱ ያን ሁዳዴ የድንቅነሽ ገበያ ደራ። ጠዋት ይዛ የወጣችውን ማተብ ቀትር ሳይደርስ ጨርሳ ትመለስና ሌላ ትገምዳለች። መሰለች የምትባለው ጎረቤታቸው እንኳ አንድ ጊዜ አራት ገዝታ ሄደች። ዓባይነህ ግን የዘመኑ መከራ ሰዉን ሃይማኖተኛ አድርጎታል ብሎ አሰበና፣ አጥሩን እያሰበ ሽሮውን ይበላ ነበር። በሚስቱ እጅ መብላቱ ትንሽ ከነከነው፤ እሷም አልፎ አልፎ "ብላ እንጂ፣ የማተብ ነው፣ አያንቅህም" እያለች ትተርበዋለች።

አርባው ቀን ሞልቶ ሐይቁ ዳር ደረሱ። ሲኞር ደብተሩን ይዞ፣ አባ ቦጂያ በዱላቸው ተደግፈው፣ ዓባይነህ መረቡን ትከሻው ላይ ጥሎ። አባ ቦጂያ ያን ቀን ሳል ሳል ይላቸዋል፤ ዓይናቸው ግን የሚያስል ሰው ዓይን አልነበረም።

የመጀመሪያው ዓሣ ወጣ፤ ጅራቱ ላይ ማተብ አለ። ሁለተኛው፣ ማተብ። ሦስተኛው፣ ማተብ። አራተኛው ላይ ዓባይነህ ዓይኑን አሸ፤ ማተቡ ቀይ ነው። ቀጥሎ የወጣው ነጭና ቀይ ተገምዶ ያሰረ ነበር። ሌላው ሰማያዊ፤ ከዚያ አንድ ጥቁር፣ የራሱ እጅ ያሰረው። ደሞ ቀይ። እሱ ያሰረው ስልሳ ጥቁር ክር ብቻ ነው!

ሲኞርም ዕውር አይደለም። እርሳሱን ከደብተሩ ላይ አነሣ። "ዓባይነህ" አለ፤ "ይህ ክር የተለያየ ነው። የማን ነው?"

እዚህ ላይ ዓባይነህ ቢዋሽ ይያዝ ነበር፤ ፊቱ ውሸት አይችልም። እሱ ግን ዓሣውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ የክሩን ግምድ አየ። ጫፉ ላይ ሁለት ቋጠሮ አለ። በልደታ ሁለት ጊዜ የምትቋጥር አንዲት ሴት ብቻ ናት።

"ሁሉም የባለቤቴ ክር ነው፣ ሲኞር" አለ። "ልደታ ማርያም ምስክሬ ናት፤ ከዚህ ውስጥ ሚስቴ ያልገመደችው አንድ እንኳ ካለ እጄን ይቁረጡት።"

እውነት ስለሆነ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ሲኞር ትንሽ አየውና አመነው። አባ ቦጂያን ሳሉ ክፉኛ ስለያዛቸው ጀርባቸውን ሰጡ።

ከሃምሳው ዓሣ አርባ አምስቱ ማተብ አስረዋል። ሲኞር ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ አሰላ፤ ደመሰሰና እንደገና አሰላ። "ስልሳ ሰባት" አለ ባዘነ ድምፅ። "በዚህ ሁሉ ውሃ ውስጥ ስልሳ ሰባት ዓሣ! መኮንኖቹ በአንድ እሑድ ይጨርሱታል።" ዓባይነህን ትከሻውን ቸብ አደረገው። "አዝናለሁ ለአንተ፣ ምስኪን። ሐይቅህ ሊያልቅ ነው።" ከዚያ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ፤ ወደዚያ ሐይቅ ተመልሶም አልመጣ።

አቧራው እንደ ረጋ አባ ቦጂያ ዱላቸውን ጥለው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሳላቸው ሳቅ ሆኖ ወጣ።

"አባ ቦጂያ፣ ይህ ምን ጉድ ነው?" አለ ዓባይነህ።

"እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? የሰፈርህን ሴቶች ጠይቅ። በየቅዳሜው ይመጣሉ፣ እኔ በቅርጫት ዓሣ አወጣላቸዋለሁ፣ እነሱ ያስራሉ። ስለት ነው አሉኝ። ስለት ከሆነ እኔ ማን ነኝ የምከለክል?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን የመጀመሪያ ቀን በመንገዱ ያለፈችው መሰለች ነበረች። ሾላው ሥር የተኛውን ጣልያን አላየችም። ያየችው ልጁ የታሰረበት አባት ለዓሣ ማተብ አስሮ፣ "በሰላም ቤትህ ግባ" ብሎ ሲለቅ ነው። ባሏም ከፈቃደ ጋር በአንድ ካሚዮን ተጭኖ ነበርና ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋት። እንደዚህ ዓሣ የእኔንም አስፈቺልኝ ብላ ለልደታ ተሳለች፤ የመጀመሪያውን ማተብ ለባሏ አሰረች፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በርም ወሬው ነደደ። ወንድም የታሰረባት፣ አባቷ የጠፋባት፣ ልጇ ዱር የገባባት ሁሉ ከድንቅነሽ ማተብ እየገዛች ሦስት ሰዓት ተጓዘች። ማተብ ያለውን ዓሣ ደግሞ ማን ይበላል?

ዓባይነህ ቤቱ ገብቶ ድንቅነሽ ላይ አፈጠጠባት። "ስለት እንዳልሆነ እያወቅሽ ለምን አልነገርሻቸውም?"

ድንቅነሽ ክሯን መግመድ አላቆመችም። "ልነግራቸው ነበር" አለች። "መሰለችን ላስረዳት አፌን ከፍቼ ፊቷን አየሁት፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ እንደዚያ ፊቷ ሲፈታ አላየሁም። ዝም አልኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እኔም ሄድኩ።"

"አንቺም?"

"ነጭና ቀይ። ለፈቃደ።"

ዓባይነህ ጠዋት ያን ዓሣ በእጁ ይዞት ነበር። ይዞት፣ ቆጥሮት፣ መልሶ ለቆታል። አጠገቧ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ በዚያ ዘመን ቤቱ ውስጥ ሲያለቅስ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ሐይቁ ድረስ መሄድ አላስፈለገውም።

ከፋሲካ በኋላ፣ ሚያዝያ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከደናኔ ጥቂት እስረኞች ተፈትተው ገቡ። ፈቃደ ከእነሱ አንዱ ነበር። አጥንቱ ገጦ፣ ጺም አብቅሎ፣ ግን በእግሩ ቆሞ። በስለቱ ነው፣ በጣልያን መዝገብ ተራው ደርሶ ነው የሚለውን እኔ አልፈርድም፤ ልደታ ሰፈር ከርሞ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ከድንቅነሽ ጋር ይፈታው። እናቱ እልል ስትል ድምፁ ጠመንጃ ያዥ ድረስ ተሰማ። ምን እንድሠራልህ ትፈልጋለህ ስትለው ፈቃደ "አባባ ያጠመዱትን ዓሣ" አለ። "እዚያ ሆኜ በየሌሊቱ የምበላው እሱን ነበር።"

በግንቦት ልደታ ማለዳ አባትና ልጅ ሐይቁ ዳር ተቀመጡ። መንጠቆው ሳይቆይ ተሳበ፤ ቆንጆ ቆሮሶ፣ ጅራቱ ላይ ሰማያዊ ማተብ። "ይህ የሰው ነው" አለ ዓባይነህና መለሰው። ሁለተኛው መጣ። "ይህም የሰው ነው።" ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው የሰው ሆኑ።

"አባባ" አለ ፈቃደ እየሳቀ፣ "ይህን ሁሉ ዓሣ ክርስትና ያነሡት እርስዎ ነዎት?"

ዓባይነህ ታሪኩን ከጃንጥላው ሽቦ ጀምሮ ነገረው። ልጁ መጀመሪያ ሳቀ፤ ወደ መጨረሻው ግን ዓይኑን ውሃው ላይ ተከለ። ወዲያው የመንጠቆው ክር እንደገና ተሳበና ስድስተኛው ወጣ። ትልቅ፣ ወፍራም፣ ጅራቱ ላይ ምንም የሌለው።

"በል ይኸው፣ ያንተ ነው" አለ አባትየው በደስታ።

ፈቃደ ዓሣውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ከዚያ ከጋቢው ጫፍ አንድ ክር መዘዘና በምራቁ አሹሎ ጅራቱ ላይ ሁለት ጊዜ ቋጠረው፤ ቋጠሮው የእናቱ ነው።

"በድሉ የሚባል ጓደኛ አለኝ" አለ። "በአንድ ሰንሰለት ነበርን። እሱን አልፈቱትም።"

ጎንበስ ብሎ ዓሣውን ውሃው ውስጥ አደረገና "በል ሂድ፣ በሰላም ቤትህ ግባ" አለው። አባቱ ታሪኩን ሲያወራ ይህችን ቃል አልነገረውም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ባዶ እጃቸውን ሰፈር ሲደርሱ ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቶ የልደታን ንፍሮ ከብቦ ነበር። ድንቅነሽ ብድግ ብላ እጃቸውን አየች።

"ዓሣውስ?"

"ሁሉም የሰው ሆኖ ተገኘ" አለ ዓባይነህ።

መሰለች ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው፤ አባትና ልጅም ተቀምጠው ንፍሯቸውን በሉ።