ለሉማሜዋ ልጅ የሰጠሁት ጌም

የጌም ማጫወቻዬን በነፃ ልስጥ ብዬ የደብረ ማርቆስ ሰው በሚሰባሰብበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፎቶውን ስለጥፍ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የታየኝ የሚቀበለው ሰው ሳይሆን የሚመጣልኝ ምርቃት ነበር። ሁለት ጆይስቲክ፣ ሰባት ሲዲ፤ "ቀድሞ ለጠየቀ" አልኩ። የልብ ምልክቱም ምርቃቱም ጎረፈ። ሥራ ገበታዬ ላይ ሆኜ በየአምስት ደቂቃው ስልኬን እየከፈትኩ ፈገግ እል ነበር። አሁን ሳስበው ፊቴን የምደብቅበት አጣለሁ።

ቀድማ የጠየቀችው ሉማሜ ያለች አስተማሪ ናት። ልጇ እግሯ ተሰብሮ በጀሶ ከታሰረች ወር እንዳለፋት፣ ቤት መዋል እንዳንገሸገሻት ጻፈችልኝ። "የእርስዎ ነው፤ ቅዳሜ መጥተው ይውሰዱ" ብዬ ቤቴን አመላከትኳት።

ሐሙስ ዕለት የንስሐ አባቴ ቤቱን ጠበል ሊረጩልኝ መጡ። ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አዩት። "ይህ ለወንድሜ ልጅ በሆነ" አሉ፣ እንደ ዋዛ። ለሌላ ሰው ቃል ገብቻለሁ ብል መርቀውኝ ይሄዱ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ነገር የሚቀየሙ ሰው አይደሉም። ግን እምቢ የሚባል ቃል ከአፌ አይወጣም። ለእሳቸው ብቻ አይደለም፣ ለማንም አይወጣም። "እሺ አባ፣ ይውሰዱት" ብዬ ካርቶኑን እስከ ባጃጁ ድረስ ተሸክሜ ሸኘኋቸው።

ለሴትየዋ አንድ መስመር ይበቃ ነበር፤ ይቅርታ፣ ለሌላ ሰው ሰጠሁት፣ አይልፉ። እሱን መጻፍ አፍሬ፣ አሁን እጽፋለሁ፣ ቆይቼ እጽፋለሁ ስል ዓርብ አለቀ። ማስታወቂያውንም አላነሳሁትም። ምርቃቱ ገና አላቆመማ!

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ትንሽ ባልዲ ታቅፋ ቆማለች። በጭድ የተደላደለ እንቁላል ነው።

"ስጦታ ልቀበል ባዶ እጄን እመጣለሁ እንዴ? ከሉማሜ እስከዚህ ጭኔ ላይ ነው የመጣ፤ አንድም አልተሰበረ" አለች፣ ደስ ብሏት።

ያኔ እንኳ እውነቱን መናገር እችል ነበር። "ይቅርታ፣ ትናንት ስሞክረው ተበላሸ" አልኩ።

ፊቷ ጠወለገ። ወዲያው ግን እኔኑ ታጽናና ጀመር። "የዕቃ ነገር ነው፣ አይክፋህ ወንድም ዓለም። አንተ ምን ታደርግ?" እንቁላሉን መልሰው ይውሰዱ ብላት፣ በስምህ የመጣ ነው ብላ ባልዲውን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። እንዲያ ያፈርኩበት ቀን የለም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ስልኳን አውጥታ ደወለችና ሰጠችኝ። "እባክህ አንተ ንገራት። እኔ ብላት አታምነኝም፤ ከጠዋት ጀምራ ቴሌቪዥኑን ወደ አልጋዋ አስዙራ እየጠበቀች ነው።"

"ጤና ይስጥልኝ ጋሼ" አለ ቀጭን ድምፅ።

ተበላሽቷል አልኳት። እናቷን ላለማየት እንቁላሉን አያለሁ።

"ሲሠራ ለእኔ ይሰጡኛል?"

"እሺ የኔ ልጅ" አልኳት። "ያንቺ ነው።"